የግዕዝ ሰባት

የሒሳብ ትምህርቴን በግዕዝ ቁጥር እንደምጀምር የሚያውቁ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ፈተና ላይ አይመጣ፣ ዜሮ እንኳ የለው፣ ለልጆቹ ምን ያደርግላቸዋል ይሉኛል። ቁጥር በብዙ መልክ እንደሚጻፍ ያወቀ ልጅ፣ ያላወቀው ሲገጥመው ይጠይቃል እላቸዋለሁ። ሌላውን አልነግራቸውም፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን ነው። ድርቁ አገሩን አራቁቶት ከተማችን መካነ ሰላም የእርዳታ ስንዴ ገባ። የየቤቱን ሰው ብዛት መዝግበው የያዙት የደብራችን የኔታ ነበሩ፤ ያውም በግዕዝ ቁጥር። ስንዴ አዳዮቹ በትምህርት ቤቱ ቁጥር ተገልብጦ ይምጣ አሉ። የስምንተኛ ክፍል ልጃገረድ ነበርኩና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ጊዜው የድሮ የተባለ ሁሉ የሚናቅበት ስለነበር እኛ ተማሪዎች በየኔታ ቁጥር እንቀልድ ነበር። አብረን እንየው ሲሉኝ አውቀዋለሁ አልኳቸው። አላውቀውም ነበር። ፮ እና ፯ እየተምታቱብኝ በግምት ሞላሁት። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ በእኔ ጊዜ የቀረው የሰው ስንዴ ነው።

ስንዴው የሚሰፈረው በነፍስ ወከፍ ነበር። ከቆላው መንደር የመጣች አንዲት እናት ሰባት ነን አለች። አዳዩ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወረቀቴን አየሁና፣

«ስድስት ነው የሚለው» አልኩ።

ከኋላዋ ሰልፉ ረጅም ነበር። አልተከራከረችም። የስድስት ሰው ስንዴ ተሸክማ ቁልቁለቱን ወረደች።

በማግስቱ የኔታ ግልባጬን አዩት። ጣታቸውን የዚያች እናት መስመር ላይ አሳርፈው ይህ ሰባት ነው ልጄ አሉኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የጎደለውን እንላክላት ብለው ቢለምኑ ስንዴው አልቋል፣ ሌላ መኪና እስኪመጣ ትጠብቅ ተባሉ። እኔም ስድስቱን ሰርዤ ሰባት ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ መኪና መጣ ወይ እያልኩ መንገድ መንገዱን ማየት ሆነ ሥራዬ።

መኪናው በወሩ መጣ። ሴትዮዋን ከሰልፉ መሀል ሳያት እፎይ አልኩ። ተራዋ ሲደርስ ማንም ሳይጠይቀኝ ጮክ ብዬ ሰባት አልኩና፣ ያኔ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳት።

ፊቴን ትክ ብላ አየችው።

«አብሽሪ ልጄ» አለችኝ። «ስድስት በይው። ትንሿ የለችም።»

ስልቻዋን ዘርግታ ቆመች።