ሦስቱም የተሳሳቱበት ቁጥር

መሥሪያ ቤታችን መድኃኒት ያከፋፍላል፤ የመድኃኒቱን መግቢያና መውጫ የሚመዘግበውን ዳታቤዝ የምትጠብቀው ሴት ደግሞ ከጀርባዋ «እሜቴ» ትባላለች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ያለ እሷ ፈቃድ እዚያ መዝገብ ውስጥ ነጥብ እንኳ አይጨመርማ! በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ መጋዘን ውስጥ የቢን ካርድ፣ ማለት በየመደርደሪያው የሚንጠለጠለው የዕቃ መቁጠሪያ ካርድ ጸሐፊ ሆና ገባች። ኮምፒውተር ሲመጣ ሌላው «ዓይኔን ያመኛል» እያለ ሲሸሽ፣ እሷ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ገዝታ በምሳ ሰዓቷ ዳታቤዝ ተማረች። ሁለት ልጆች ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፣ መጽሐፉን ግን አልዘጋችውም።

አምና አንድ አምራች ደወለ። የልጆች ሳል ሽሮፕ አንድ ባች፣ ማለት አብሮ የተቀመመ አንድ ዙር፣ መድኃኒቱ ከልክ በላይ በዝቶበት ስለወጣ በአስቸኳይ ይሰብሰብ አለ። የትኛው ፋርማሲ እንደወሰደው ለማወቅ ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። እየደወልንና በመኪና እየዞርን ሰማንያ ስምንት ፋርማሲ ውስጥ አገኘነው። የመጨረሻው ካርቶን ሲገኝ ግማሹ ተሸጧል። እስከምናውቀው ድረስ የተጎዳ ልጅ የለም። «እስከምናውቀው» የሚለው ቃል ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። እሜቴ ያን ሰሞን እንዲህ አለችኝ፦ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የት የት እንዳለ ካላወቅን፣ እዚህ ወንበር ላይ መቀመጤ ምን ይረባል?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ኮሚቴ አቋቋሙ። ጉድ የሠራን አሮጌው ዳታቤዝ ነው፣ ሦስት አዳዲሶች ተወዳድረው አንዱ ይገዛ አሉ። አወዳዳሪዋ እሜቴ፣ ጸሐፊው እኔ። አዲሱ ሲገዛ ክፍል ይቋቋምለታል፤ የክፍሉም ኃላፊ እሷ እንደምትሆን ተነገራት።

ሻጮቹ መጡ። የመጀመሪያው የውዱ ነው፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ነው የገባው። የሱ ዋጋ በሰርቨሩ ጉልበት ልክ ስለሚቆጠር ማሽን ባሳደግን ቁጥር ክፍያውም አብሮ ያድጋል። ሁለተኛው ዋጋው መካከለኛ ነው፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ ቢሮ አለው። ሦስተኛው በነጻ ይገኛል፤ ነጻ ይባል እንጂ ሲበላሽ የሚጠግነውን ባለሙያ ፈልጎ መቅጠር የኛ ፋንታ ነው። ሦስቱም በየተራ «የኛ ፈጣን ነው» አሉ።

«ፍጥነቱን ተዉት» አለች እሜቴ። «ሲወድቅ እንዴት እንደሚነሣ አሳዩኝ።»

የመጋዘኑ መዝጋቢዎች በሦስቱም ላይ ለሙከራ እየመዘገቡ ሳለ ጎንበስ ብላ የሰርቨሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው። ባለሽቶው «ኧረ በእናትሽ!» ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ሦስቱም ያላለቀውን መዝገብ ሰርዘው፣ ያለቀውን ይዘው ተነሡ። ነጻው በአራት ደቂቃ፣ ውዱ በስድስት፣ መካከለኛው ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ።

ቀጥላ ሻጮቹ ያመጡትን ያማረ ናሙና ወደ ጎን ትታ፣ የኛኑ የአምስት ዓመት መዝገብ ከነእድፉ ሦስቱም ላይ ጫነች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ ያ ሽሮፕ የት የት ሄደ? ውዱ ስልሳ አንድ ፋርማሲ አለ። መካከለኛውም ስልሳ አንድ። ነጻውም ስልሳ አንድ። አሮጌያችንን ብትጠይቀው እሱም ስልሳ አንድ። እኛ በእግራችን ዞረን ያገኘነው ሰማንያ ስምንት ነበር።

እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። «አራት ሰው አንድ ዓይነት ውሸት ከተናገረ የሰሙት ከአንድ ሰው ነው» አለችኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ መዝገቡን ቆፈረች። የሃያ ሰባቱ ፋርማሲዎች መዝገብ ላይ የባች ቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው። ባዶው የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት፣ በአንድ ማክሰኞ ነው። ከዚያ ማክሰኞ በፊት ዳታቤዙ ባች ቁጥር ያልተጻፈበትን መዝገብ አልቀበልም ይል ነበር። ያን ዕለት ግን አንድ ሰው ክልከላውን አንስቶታል፤ ከዚያ ወዲህ የቸኮለ መዝጋቢ ሁሉ ቁጥሩን ዘሎ ያልፋል። ያነሣው ሰው መለያ ስም የራሷ ነው።

ፊቷ አመድ መሰለ። «መኪኖች ተሰልፈው ነበር» አለች። «ጋሼ ለአንድ ሳምንት ብቻ አንሺልን ብለው ለመኑኝ።» ጋሼ የምንላቸው የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሽማግሌ ናቸው።

«ማን አየሽ?» አልኳት። «ጥፋተኛው አሮጌው ነው በይና አዲሱ ይገዛ። ክልከላውን እዚያ ላይ ታደርጊዋለሽ፣ ሹመትሽንም ትወስጃለሽ።» ይህን ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«አዲሱም ላይ ማክሰኞ ይመጣል» ብላኝ ተነሣች።

በስብሰባው ቀን ውሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቷቸውን ይዘው «እሺ፣ የትኛውን እንግዛ?» አሏት።

«መግዛቱ ግዴታ ከሆነ መካከለኛውን። ዘግይቶ ቢነሣም፣ ሲወድቅ ስልክ የሚያነሣ ሰው እዚሁ አለው። ግን የትኛውም ቢሆን ያንን ሽሮፕ አያገኝልንም ነበር። መዝገቡን ያሳወርነው እኛ ነን።»

«እኛ ማለት?»

«እኔ። ክልከላውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ መልሼ ማድረጉን ረሳሁት። አራት ዓመት ሙሉ።»

ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የለመንኳት እኔ ነኝ» አሉ፤ «ከጻፋችሁ የኔንም ጻፉ።» የሁለቱንም ጻፍኩ።

ሥራ አስኪያጁ ውሉን አጥፈው ወደ ጎን አደረጉት። «ሹመቱ ይቅርና አሁን ያለሽበት ወንበርም እንደሚያሰጋ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። እስክትወስኑ ድረስ ግን ሥራዬን ልሥራ» አለችና ላፕቶፗን ከፍታ አንዲት መስመር ጻፈች።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ። የመጋዘኑ መዝጋቢ ድምፅ ለሁላችንም ይሰማል። «እትዬ፣ ሲስተሙ እምቢ አለ! ባች ቁጥር ካልጻፍክ አላሳልፍም ይላል፤ አምስት መኪና ቆሟል እኮ!»

ሥራ አስኪያጁም ጋሼም እሷን ያያሉ።

«እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ካርቶኑን ገልብጥና ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብልኝ። አትቸኩል፤ እጠብቅሃለሁ።»

ሰውየው ማንበብ ጀመረ።