እኔ የጻፍሁት፣ ቸኮል የለፈፈው

ይህ ነገር የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ንዳድ ፎገራን በፈጀበት ዓመት ነው። ዛሬ ወባ የምትሉትን እኛ ንዳድ እንለው ነበር። እስከ አሁን ለማንም አጣርቼ አልነገርሁም፤ ልጆቼ የሚያውቁት ግማሹን፣ ለእኔ የሚያምርልኝን ነው። ከልቤ ያልወጣው በአንድ ሰው ስለቀናሁ ነው። ሰውየው ከሞተ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም።

አስቀድሜ ማን እንደ ነበርሁ ልናገር። ስሜ ታከለ ነው። የኔታ እግር ሥር አንድ ቀን አልተቀመጥሁም። ፊደል የለየሁት ወረታ ገበያ የኑግ ጆንያ ስሸከም፣ ጆንያው ላይ በቀለም የተጻፈውን የነጋዴ ስም እያየሁ ነው። "ይህ ምን ይላል?" ብዬ አንዱን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በከሰል ግድግዳ ላይ እደግመዋለሁ። ሁለት ወር አልፈጀብኝም። በሃያ አምስት ዓመቴ ከደብረ ታቦር መገንጠያ እስከ ሐይቁ ዳር እንደ እኔ የእጅ ጽሕፈት ያለው ሰው አልነበረም። ዳኛ ፊት የሚቀርብ ማመልከቻ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፍ ነበር። ቄሶቹ እንኳ ደብዳቤ ሲቸግራቸው "ታከለን ጥሩት" ይሉ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ ንዳዱ ገባ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው ተንቀጠቀጠ። ጥቅምት ሲጋመስ ግን አስታማሚና በሽተኛ አንድ መደብ ላይ ይተኛ ጀመር። ያኔ እንደ ዛሬው ሩዝ የለም፤ ጤፉና ኑጉ አጫጅ አጥቶ ቆሞ ረገፈ።

የወረታ ማዘጋጃ ቤት በዚያ ዘመን ሁለት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ሹሙ አስጠራኝና "ሕዝቡ ማወቅ የሚገባውን እኔ እነግርሃለሁ፤ አንተ በየሳምንቱ ጽፈህ ትለጥፋለህ" አለኝ። የጻፍሁትን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ገበያው እስከሚፈቀድ ድረስ እንደማይቆም፣ ወፍጮው በየትኞቹ ቀናት እንደሚፈጭ፣ ቀባሪ ያጣ ቤት ለማዘጋጃ ቤቱ ቢያስታውቅ ሰው እንደሚላክለት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኪኒን ለየትኛው አጥቢያ በየትኛው ቀን እንደሚታደል።

ኪኒኑን የሚያድለው ከጎንደር የመጣ አንድ ድሬሰር ነበር፤ እኛ ሐኪም እንለዋለን። ብቻውን ነው፤ ዛሬ ወረታ ቢውል ነገ በቅሎውን ጭኖ ሌላ አገር ነው። ኪኒን በእጅ ይዞ መሄድ ክልክል ነበር። ሰው "ለልጄ ላስቀምጠው" እያለ ሳይውጠው ስለሚቀር፣ ሐኪሙ ፊት በውሃ መዋጥ አለበት። ይህንንም ትእዛዝ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ማስታወቂያዬን ማዘጋጃ ቤቱ በር፣ ገበያው ዋርካና ወፍጮ ቤቱ ላይ እለጥፋለሁ። ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ "እንዴት ያምራል" ይላል፣ ይሄዳል። የሚያነብ የለማ። ሹሙ ይህን ሲያይ ቸኮልን ለፋፊ አድርጎ ቀጠረው።

አያ ቸኮል አርባ ዓመት የሚሆነው የከብት ደላላ ነበር። "ሀ" ብለው ቢያሳዩት ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔ የጻፍሁትን አንድ ጊዜ አነብለታለሁ፤ ሰው ለመሰብሰብ የሚነፋውን ቀንድ ያነሳና ይወጣል። ድምፁ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከወረታ ቢጮህ ሜዳው መካከል ያለ በሬ ጆሮውን ያቆማል።

"የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ብሎ ይጀምራል። "ነገ የሚካኤል አጥቢያ ሰዎች ኪኒናችሁን ትውጣላችሁ። ይመራል። የሚስትህን ምላስ የቻልህ ግን አያቅትህም። አንቺም የባልሽን እግር ሽታ የቻልሽ አያቅትሽም።" በሽተኛው ሳይቀር ከመደቡ ላይ ይስቃል።

ይህ መቼ ተጻፈ? እኔ "ሕዝቡ እንዲያውቀው ይሁን" ብዬ ነው የጻፍሁት።

ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ቸኮል ቸኮል ሆነ። በየደረሰበት ያለቻቸውን ዱቄት አውጥተው ጠላ የሚጠምቁለት አሉ። አሮጊቶች "የአፉን በረከት አይንሳን" ይሉታል። ይህንንም ቻልሁት። ያልቻልሁት የቤቴን ነው። ሚስቴ ዘውዴ አንድ ቀን ከአጥሩ ላይ ሆና ጎረቤት "ዛሬ ቸኮል ምን አለ?" ብላ ስትጠይቅ ሰማኋት። ነገሩን የጻፍሁት እኔ ቤት ውስጥ ቁጭ ብያለሁ።

"አንቺ፣ የጻፈው ሰው እያለ?" አልኋት።

"አንተ ስትናገረው አይገባኝም፤ እሱ ሲለው ይገባኛል" አለችኝና እንጨቷን ይዛ ገባች።

ምሳዬን አልበላሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቸኮልን እየተከተልሁ መስማት ያዝሁ፤ ስሕተት ፍለጋ። አላጣሁም። እኔ "ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት" ብዬ ጽፌ፣ እሱ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን "ቅዳሴ ስትወጡ ኑ፣ ሐኪሙ ይቆያችኋል" ይላል። በቀጥታ ወደ ሹሙ ሄድሁ።

"ጌታዬ፣ ይህ ሰው የመንግሥት ቃል ይለውጣል። ያልተጻፈ ይናገራል፤ በሕዝብ ፊትም ይቀልዳል" አልሁ።

ሹሙ ደንብ ወዳድ ነበር። ቸኮልን አስጠራው። "የተጻፈውን ብቻ ትላለህ ወይስ አትልም?" አለው።

"ጌቶች፣ እኔ እንደሚሰማው አድርጌ ነው የምለው" አለ ቸኮል።

"እንግዲያው ታከለ ራሱ አንብቦ ይለፍፍ" ተባለ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ደስታ በሠርጌም ቀን አልተሰማኝም።

ቸኮል ቀንዱን አውልቆ ሰጠኝ። አልተቆጣም። "ጸሐፊው፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ቄሶቹን 'ቅዳሴ መቼ ይወጣል' ብለህ ሳትጠይቅ እንዳትለፍፍ። ለሐኪሙም ሰዓቱን ንገረው" አለኝ። በልቤ "አሁን ደግሞ አንተ ልታስተምረኝ ነው?" አልሁ። ቀንቶብኝ ነው የመሰለኝ።

በዚያው ሳምንት ተረኛው የእህቴ አጥቢያ ነበር። እቴ ብርቄ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እህቴ ናት፤ ሜዳው ላይ በምትገኘው የጊዮርጊስ አጥቢያ ትኖራለች። ንዳዱ ከያዛት ስምንት ቀን ሆኗት ነበር። ኪኒን ልወስድላት አልችልም፤ የከለከልሁት እኔው ነኝ። ተራዋ ደረሰ ብዬ ደስ አለኝ። ደግሞም እደብቃለሁ እንዴ፣ የእኔን ድምፅ ሰምታ እንድትኮራ ፈልጌ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆምሁ። ቀንዱን ነፋሁ። ወረቀቴን ዘርግቼ ቃል በቃል አነበብሁ፦ ከነገ ወዲያ፣ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ወረታ ማዘጋጃ ቤት በር። ቄስ አልጠየቅሁም። ሰው ዝም ብሎ ሰማኝ። የሳቀም የጠየቀም የለም፤ ይህን እንደ ክብር ቆጠርሁት።

እቴ ብርቄ ዘንድ ጎራ አልሁ። ጋቢ ተከናንባ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

"ሰማሁህ" አለችኝ። "ድምፅህ አባታችንን ይመስላል። ምን እንደምትል ግን ነፋሱ ወሰደው።"

"ከነገ ወዲያ ጠዋት ያምጡሽ" አልኋት።

"ቅዳሴ ሳይወጣ?" አለችና ሳል ያዛት። እኔ ግን ቀንዴን አንስቼ ወጣሁ። የምቸኩልበት ሌላ አጥቢያ ነበረብኝ።

ከነገ ወዲያ የተባለው ቀን ጾመ ነቢያት ከገባ ሁለተኛው ቀን ነበር። ጆንያ አንባቢ ነኝና እንዲህ ያለውን አልቆጥርም ነበር። ፎገራ ውስጥ ግን በጾም ቀን ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ አፉ የሚያስገባ ትልቅ ሰው አልነበረም፤ ቅዳሴው ደግሞ የሚወጣው ከቀትር በኋላ ቆይቶ ነው። በሽተኛም ቢሆን "ሞቴን በጾም ያድርገው" ይላል እንጂ አይገድፍም። ኪኒኑ የሚዋጠው ደግሞ በውሃ ነው።

ጠዋት ሐኪሙ ጠረጴዛውን ዘረጋ። ሰው የለም። አራት ሰዓት ሆነ፤ የለም። ስድስት ሆነ። "የጊዮርጊስ ሰዎች ድነዋል ማለት ነው" አለኝ እየሳቀ። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ጠበቀና በቅሎውን ጭኖ በአንበሳሜ መንገድ ሄደ። ወደዚያ የሚሄደው ለሁለት ሳምንት ነው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በሜዳው ላይ ሰው ሲመጣ አየሁ። ተደጋግፈው የሚመጡ አሉ፣ በአህያ የተጫኑ አሉ። ከፊት አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመዋል። ቃሬዛው ላይ እቴ ብርቄ ነበረች። ዓይኗ ተከፍቷል፤ እኔን ግን አላየችኝም።

"ሐኪሙስ?" አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

"እስከ ስድስት ሰዓት ነው ብዬ ነበር እኮ" አልሁ።

ሽማግሌው አቀርቅረው መሬቱን በዘንጋቸው ወጋ ወጋ አደረጉ። "ልጄ፣ ነቢያት ገብቷል" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ግን "ቸኮል የት ሄዶ ነው ይህ የተላከብን?" አለ። እህቴ ቃሬዛ ላይ ሆና እንኳ ይህን ስሰማ ቀናሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርሁ።

ሮጥሁ። ቸኮልን ከቤቱ ደጅ የላም በረት ሲያጥር አገኘሁት። ነገሩን ሁሉ ተናገርሁ። "እህቴ እየሞተች ነው፣ አያ ቸኮል" አልሁ። ሹሙ ዘንድ የከሰስሁት እኔ መሆኔን ያውቃል። እሾሁን ጣለና "በየት ሄደ?" ብቻ አለኝ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ትልቅ ኩይሳ አለ። እዚያ ላይ ወጣን። መጀመሪያ እኔ ጮህሁ። "ሐኪሙ በአስቸኳይ እንዲመለስ" ብዬ። ማዶ የሚያጭድ ሰው ቀና ብሎ አየኝና ወደ ማጭዱ ተመለሰ።

ቸኮል ትከሻዬን ይዞ ገለል አደረገኝ። እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ። በበቅሎ የሚሄደውን ሐኪም መልሱት። የጊዮርጊስ ሰው ወረታ ሜዳ ላይ ወድቋል። መልሱት።"

አጫጁ ማጭዱን ጣለ። ወደ አንበሳሜ መንገድ ዞሮ ያንኑ ቃል ጮኸ። ከእሱ ማዶ አንዲት ሴት ተቀበለችው። ከእሷ ማዶ ሌላ ሰው። ድምፁ ከአፍ ወደ አፍ እየቀጠነ ሲሄድ በጆሮዬ ተከተልሁት፤ ከዚያ ጠፋኝ። የአገራችን ልማድ ነው፤ የሚታመን ሰው የተጣራውን የሰማ ሁሉ ያሳልፋል። ንዳድ ይዞት ከደጁ የተቀመጠም ሰው ሳይቀር ያን ቀን አሳልፏል፤ ኋላ ነገሩን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የበቅሎው አቧራ ታየ። ሐኪሙ በመንገድ በሽተኛ ሲያይ ቆይቶ ወንዝ ሊሻገር ሲል ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ "ተመለስ" ብሎ እንደ ጮኸበት ነገረን። እቴ ብርቄ ኪኒኑን በእኔ እጅ ዋጠች። ሌሎቹም ዋጡ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። ከዚያ ቀን ሰዎች ግን አንድ ሌላ ሽማግሌና አንዲት አራስ ኪኒኑን ሳይውጡ መንገድ ላይ ሞተው ቀርተዋል። የዚያን ጥፋት በማንም ላይ አላላክክም።

በማግስቱ ቀንዱን ራሴ ወስጄ ለቸኮል ሰጠሁት፤ ሹሙ ዘንድም ገብቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። ከዚያ በኋላ ቸኮልን ሳልጠይቅ አንድ ማስታወቂያ አልጻፍሁም። እሱ የቅዳሴውን ሰዓት ጠይቆ ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ልመካና፣ የጎንደር ጸሐፊዎች እንኳ እንደዚያ ያለ ማስታወቂያ አልጻፉም።

እቴ ብርቄ ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ኖረች። ነቢያት በተፈታ ቁጥር አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ለቸኮል ትልክ ነበር። የሚያደርሰው ማን ነው? እኔ። ሜዳውን አቋርጬ ቅቤውን ተሸክሜ እሄዳለሁ። ቸኮል "ጸሐፊው መጣ፣ አስገቡት" ይላል፤ አብልቶ አጠጥቶ ይሸኘኛል። መልካም ሰው ነበር፤ ይህም ያናድደኛል።

አንድ ዓመት አልቻልሁም። "እቴ፣ እኔም እኮ ኪኒኑን ያጎረስሁሽ ነኝ። ለእኔ አንድ ቀን ቅቤ ልከሽልኝ ታውቂያለሽ?" አልኋት።

ቅሉን እየከደነች ቀና ብላ አየችኝ። "አንተማ ወንድሜ ነህ" አለች። "ለወንድም ቅቤ ይላካል እንዴ?"

እውነቷን ነው። ዛሬ ሁለቱም የሉም። እኔ እስከ አሁን ያለ መነጽር አነባለሁ፤ በወረታም እንደ እኔ ያለ ጽሕፈት ዛሬም የለም። የእህቴ መልስ ትክክል መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም፣ ከዚያ ሁሉ ቅል አንዱ እንኳ ወደ ቤቴ መጥቶ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።