በዕጣ ያላገኘናቸው ሰው

ካዛንቺስ የነበረው ግቢያችን ስድስት ቤት፣ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ነበረው። እኔ እዚያው ተወልጄ አድጌያለሁ፤ እናቴም እዚያው ናት ያረፈችው። ከቆርቆሮው በር ስትገቡ በስተግራ ባለው ክፍል ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ የአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ሚስትም ልጅም የላቸውም። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

ጋሼን እንንከባከባለን ብንል ኖሮ እሳቸው ራሳቸው ይቆጡን ነበር። ግን ከቧንቧው የሚቀዳ ሰው የእሳቸውን ጀሪካን ሳይሞላ አይሄድም። ቂርቆስ የሚሳለም ሰው መንገዱን ይዟቸው ይሄዳል። ከበራቸው እስከ ሽንት ቤቱ የተወጠረ ገመድ ነበር፤ እሱን ይዘው ይመላለሳሉ፤ ልብስ ያሰጣበት ሰው የለም። ፊት ለፊታቸው የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤታችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ በረመዳን ሾርባ ሲሠሩ የመጀመሪያውን ሳህን ለጋሼ ይልካሉ። ጋሼ ደግሞ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገቢ ወጪውን በኮቴው ይለያሉ። ተማሪ ሳለሁ ዘግይቼ ስገባ፣ ገና እናቴ ሳታየኝ፣ ዛሬ በባምቢስ በኩል ዞረሽ መጣሽ አይደል ይሉኝ ነበር። እንዴት እንደሚያውቁ እስካሁን አልገባኝም።

ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ከተባለ በኋላ ምትክ ቤት በዕጣ ተሰጠን። አጋጣሚ ሆኖ አምስታችን አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ደረሰን፤ ለእኔማ ደረጃ የሌለው ግራውንድ ወጣልኝ። ለጋሼ ግን የወጣላቸው በከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ ነው።

በማግስቱ ሁላችንም ተያይዘን ቢሮ ሄድን። ያነጋገረን ወጣት ጨዋ ነው፤ ወንበር ለቆ ጋሼን አስቀመጣቸው። ጥያቄያችንን ግን አልተቀበለንም። ሲስተሙ አንድ ጊዜ ካወጣ በኋላ መቀየር እንደማይቻል፣ እንዲህ ከተባለ ሁሉም ምክንያት ይዞ እንደሚመጣ አስረዳን። እትዬ እስኪጨርስ ጠበቁት።

"ልጄ፣ እኛ እኮ እሳቸውን በዕጣ አላገኘናቸውም" አሉት።

ለሚቀጥሉት ቀናትም እየሄድን ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። መልሱ ያው ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሼን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ተቆጡ። ኮሪደር ለኮሪደር የምታዞሩኝ ዕቃ ነኝ ወይ፣ የደረሰኝን ቤት ወስዳችሁ አሳዩኝ አሉ። እኔና እትዬ ይዘናቸው ሄድን። እጃችንን አስለቅቀው፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ ደረጃውን ጮክ ብለው እየቆጠሩ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። ላባቸውን ጠረጉና በኮሪደሩ ያሉትን በሮች አንድ በአንድ አንኳኩ። ገና ሰው አልገባም፤ የከፈተ የለም። ከዚያ የራሳቸውን ቤት ከፍተን ባዶው ክፍል ውስጥ ገባን።

"ደረጃውንስ እለምደዋለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ጠዋት ጠዋት ግን ማንን ልቆጣ ነው?"

እኔ የግራውንዱ ቁልፌ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ አሰብኩ። ሌሎቹ ቤቶች ልጆች አሏቸው፤ ብቻዬን የምኖረው እኔ ነኝ። ማንም ተለዋወጪ አላለኝም፤ ሁለት ቀን አመነታሁ። እውነቱን ለመናገር ግራውንዱን ወድጄው ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጎረቤቶቼ መለየት ፈራሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያለ እነሱ ኖሬ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ቤቴን ከጋሼ ጋር እንደምለዋወጥ ለእትዬ ነገርኳቸው። አላመሰገኑኝም፤ አቀፉኝ።

ዕቃ ሲጫን የጋሼን አልጋና ሬዲዮ ከአራቱ ቤተሰብ ዕቃ ጋር አንድ መኪና ላይ ጫንን። ቁልፌን ጋሼ እጅ ላይ አኖርኩ፤ የእሳቸውን ወሰድኩ። ፈቃድ አልጠየቅንም፤ ጠይቀን የተመለሰልንን አይተናልና። የእኔ ዕቃ ወደ ሌላው አቅጣጫ ብቻውን ሄደ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ነዋሪ የሚመዘግቡ ሠራተኞች ጋሼ በር ላይ መጡ። እትዬ ናቸው የነገሩኝ። መዝገቡ ላይ ያለው ስም የሌላ ሰው ነው፣ ቤቱ የማን ነው ብለው ጠየቁ። የብሎኩ ሰው ወጥቶ ከብቧቸዋል።

"ስሙ የእሷ ነው፤ ቤቱ የእኔ ነው" አሉ ጋሼ። "ጻፉት።"

ለእኔ ደብዳቤ መጣ፤ ያለፈቃድ የተለዋወጥነውን ቤት በአስቸኳይ እንድንመልስ ይላል። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ በሕይወቴ የዚህ ዓይነት ደብዳቤ ስንቱን ፋይል ውስጥ አስገብቻለሁ። ይህንን ግን ፋይል ማድረግ አልፈለግኩም። መልስ ጻፍኩ። ጋሼ ማን እንደሆኑ፣ ውሃቸውን ማን እንደሚቀዳ፣ ሲያማቸው በራቸውን ማን እንደሚያንኳኳ በዝርዝር አሰፈርኩ፤ ምን እንደምትሉ ባላውቅም አንመለስም ብዬ ጨረስኩት።

ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ እነጋሼ ጋ ሄጄ አነበብኩላቸው። ጋሼ አንድ ቦታ ላይ አስቆሙኝ፤ "አቅመ ደካማ" ያልኩትን አሰርዘው "ጡረተኛ" አስጻፉኝ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። እትዬ ፈረሙ፤ ሌሎቹም ተራ በተራ ፈረሙ። ሰኞ ጠዋት ራሴ ወስጄ አስገባሁትና ቅጂው ላይ ማህተም አስመታሁ።