ሰባት ቤት የቆጠሩልን

ዓረብ አገር፣ ጉበይራ በሚባል ሰፈር በተከራየናት ክፍል ፍራሼ ከእህቴ እጮኛ ታላቅ እህት ፍራሽ ጎን ነበር። እናቴ በደወለች ቁጥር የምታስጠነቅቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ያቺ ልጅ በሽታዬን እንዳታውቅብኝ። ከታወቀ እህቴን የሚያገባት የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ የምትመክረው ደግሞ እሷው ናት።

በሽታው የደም ነው፤ ከእናትም ከአባትም በዘር የሚወርድ። የማጸዳው የሰርግ አዳራሽ ማቀዝቀዣ ሲበረታብኝ ይነሳብኛል፤ አጥንቴን ከውስጥ ይሰብረኛል። ትራሴን ነክሼ ጨጓራዬ ነው እላለሁ። እሷም ምንም ሳትጠይቅ ውሃ ታሞቃለች፣ ጨርቅ ትነክራለች። ጨጓራዬ ነው እያልኳት የምታሸው ጉልበቴን ነበር።

አንድ ቀን ብሶብኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ እንደኔ ያሉ ሕመምተኞች በእነሱም አገር እንዳሉ፣ ስለዚህ ያለ ደም ምርመራ ጋብቻ እንደማይፈቀድ ነገረኝ። ሥቃዩን ለብቻዬ እንዳልይዘው፣ የማዋየው ሰው እንድፈልግም መከረኝ። ኢንሻአላህ ብዬ ወጣሁና መንገድ ላይ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ንዴት ነው። ለማን ነው የማዋየው?

ለእናቴ ደውዬ የእህቴና የእጮኛዋ ደም ይታይ ብላት ተቆጣች። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና እንደሌለ አረጋግጠዋል፣ ሌላ ደም አታንሺብኝ አለች። ሰርጉ ተደገሰ።

ዘንድሮ የእህቴ ሕፃን እጅና እግሩ አበጠ። እህቴ ፎቶውን ላከችልኝ። ያበጡትን ጣቶች ሳይ መደበቁ አንገሸገሸኝ፤ ስልኩን ከጎኔ ለተቀመጠችው ለባሏ እህት ሰጠኋት። እሷም አክስቱ ናት።

ፎቶውን አጉልታ አየችው። «የታናሽ ወንድማችን እጅም እንዲህ ነበር» አለችኝ። «ሳያድግ ቀበርነው።»

ጉልበት ማሸት የት እንደተማረች ያኔ ገባኝ። «ታዲያ እኔን እያየሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናቴ አደራ አለችኛ፣ እህቴ። ለወንድምሽ ልጁን የሚሰጥ ይጠፋል ብላ።»

ልጮህባት ፈለግኩ። በየትኛው አፌ? ስልኬን ከእጇ ተቀበልኩ።

የእናቴ የድምፅ መልእክት ገባ፤ ከፈትኩት። ልጁን ቡዳ በልቶት ነው፣ ጸበል ልንወስደው ነው አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ፎቶውን ያቺ ልጅ እንዳታይብሽ» አለችኝ። ሁለታችንም ሰማናት።