መስመር ደገሙ ያልኳቸው መሪጌታ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ የተቆጣሁት ግን ሌላ ሰው ላይ ነበር።

የምኖረው ላሊበላ ነው። ኮምፒውተርን ያለ አስተማሪ፣ ከተዋስኩት መጽሐፍ ተማርኩ። ልጆቼንም “ሳታረጋግጡ አትናገሩ” እያልኩ በቁጣ ነው ያሳደግኳቸው። ፍላቂት ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር መዝገቡን የሚይዝበትን ሰርቨር፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒውተር፣ ከቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት እከታተላለሁ።

የዚያን ዕለት የገብስ ዘር የሚታደልበት ቀን ነበር። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰርቨሩ አልነሳ አለ። የተመዘገቡት ገበሬዎች ስም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ካልታደለ መኪናው ዘሩን ይዞ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። ሰው አህያውን ይዞ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፏል። እኔ ደግሞ በጋሸና ዞሬ እስክደርስ ሰዓቱ ያልፋል።

ጸሐፊዋ ለቅሶ ሄዳ ስለነበር ቢሮ የተገኙት የመጋዘን ጠባቂው መሪጌታ ደምሴ ብቻ ናቸው። በወጣትነታቸው ብራና ላይ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ፊደሉን ግን ከልጆቻቸው ደብተር ለይተዋል። ስልካቸው ፎቶ የሚያነሳ አይደለም። ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ከስክሪኑ ላይ ያነበቡልኝን ስሰማ ችግሩ ገባኝ። ማሽኑ ሲበራ ሊኑክስን ፈልጎ የሚያስነሳው ቡት ሎደር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም መንገዱ ጠፍቶበት ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። ያሉትን ዲስኮች እንዲዘረዝር “ኤል፣ ኤስ ብለው ይጻፉ፤ በትንሹ ፊደል” አልኳቸው።

“ቁልፉ ላይ ያለው ትልቁ ኤል ነው። አንተ ትንሹን አልከኝ።”

“ይጫኑት ግድ የለም፣ ትንሹ ይወጣል።”

ከበር ላይ አንድ ገበሬ “መሪጌታ፣ ገድል ነው እንዴ የሚያነቡት? ኧረ አህያዬ ቆማ አንቀላፋች!” ሲል ሰልፉ ሳቀ። እሳቸው ግን የወጣውን ዝርዝር ቅንፉን ሳይቀር፣ ሰረዙን ሳይቀር ቀስ ብለው አነበቡልኝ። ሲጨርሱ የሁለት ዲስክ ስም ሆነ።

“አይደለም!” አልኩ ጮክ ብዬ። “እዚያ ያለው አንድ ዲስክ ነው። መስመር ደግመው አነበቡ።”

ድምፄ በስልኩ እስከ ሰልፉ ተሰማ። በኔ በኩል ልጆቼም እየሰሙ ነው።

“ወንድሜ” አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ “መስመር የሚደግም ጸሐፊ ብራናውን ያስፍቃል፤ እኔ አስፍቄ አላውቅም። ደግሞም የፊተኛው ዜሮ አለበት፤ የኋለኛው አንድ። ደግሜው ቢሆን ሁለቱም ዜሮ በሆኑ ነበር።”

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ከዚያ ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ፍላቂት ሄጄ መጠባበቂያ ቅጂ ላስቀምጥበት ከማሽኑ ጀርባ የሰካሁትን አሮጌ ዲስክ ሳልነቅል ነው የተመለስኩት። በዚያ ዲስክ ላይ ከድሮ ኮምፒውተር የተረፈ ቡት ሎደር አለ። ማሽኑ መብራት ሲመጣለት ከሱ ልነሳ ብሎ ነው የተሳሳተው።

“ከጀርባው በገመድ የተያያዘች ጥቁር ሣጥን አለች?”

“አለች።”

“ማሽኑን ያጥፉና ይንቀሏት፤ ከዚያ ያብሩት።”

ጥቂት ቆይቶ ሰርቨሩ በኔ ስክሪን ላይ ብቅ አለ። አምስት ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። የመጀመሪያው ገበሬ ስሙ ሲጠራ በስልኩ ሰማሁ።

ማታ ለልጆቼ ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። እንዲህ ማለት ለኔ ቀላል አይደለም። በማግስቱም ደውዬ መሪጌታን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። “ዘሩ ወጥቷል፣ ሌላውን እርሳው” አሉኝ።

እኔ ግን አልረሳሁትም። ብዙ የተማሩ ሰዎች አብረውኝ ሠርተዋል፤ የማያውቀውን ቋንቋ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያነበበልኝ፣ ስጮኽበትም ካየው ያልተነቃነቀ ሰው ግን አላገኘሁም። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ስቆጣቸው ሰልፉ ሁሉ ሰምቷል፤ ይቅርታዬን የሰሙት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን የጻፍኩት በዚያ ሰልፍ ላይ የነበራችሁ እንድታውቁት ነው፤ መሪጌታ መስመር አልደገሙም።