አሳሄል ፔክ እና የፕሬዚዳንቱ ሕግ

አሳሄል ፔክ ከኮኔቲከት ተነስቶ ሻምፕሌይን ሐይቅ ዳር ሲሰፍር ንብረቱ መጥረቢያና አንድ ትልቅ የብረት ድስት ብቻ ነበር። ዛፉን ቆርጦ ያቃጥላል፤ አመዱን በውሃ አጥልሎ ያፈላና ፖታሽ የሚሉትን ጨው ያወጣል። ያንን በጀልባ ድንበር አሻግሮ፣ በእንግሊዝ ሥር ባለችው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላሉ ሳሙና ሠሪዎች ይሸጣል። መሂታብልን ያገባውም፣ ላሟን የገዛውም በዚሁ ነው።

ቶማስ ጄፈርሰን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ አሳሄል እሱን ደግፎ ሲከራከር የሚችለው ጠፋ። የሰፈሩ ሰባኪ "ይህ ሰው ከተመረጠ መጽሐፍ ቅዱሳችንን ያቃጥልብናል" ሲል፣ አሳሄል ብድግ ብሎ "በዚህ አገር የሚያቃጥለው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም ዛፍ!" አለ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ።

ፕሬዚዳንቱ ግን በሁለተኛው የሥልጣን ዘመኑ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ተካርሮ፣ ወደ ውጭ የሚወጣ ዕቃ እንዲታገድ አደረገ። መጀመሪያ ባሕሩ ተዘጋ፤ በጸደይ ደግሞ ሐይቁ።

"እኛን አይመለከትም፤ ለትልልቆቹ ባለመርከቦች ነው" አለ አሳሄል።

"ሂድና ለወታደሮቹ ንገራቸዋ!" አለች መሂታብል። "ወንድሜ ሳዶቅ ራሱ ጠብመንጃ ተሸክሞ ሐይቁን እየጠበቀ ነው።"

ዱቄቱ አለቀ። የሠሩት ፖታሽ ጎተራ ውስጥ ተቀመጠ። በመጨረሻ፣ ሐይቁ ጭጋግ በለበሰበት አንድ ማለዳ፣ በርሜሎቹን ጫኑ። እሷ መሪውን ያዘች፤ እሱ ቀዘፈ።

ድንበሩ ሊደርሱ ሲሉ የሌላ ጀልባ መቅዘፊያ ሰሙ። አሳሄል እጁን ገታ። የሚንጠባጠበው ውሃ ራሱ የሚያሳብቅበት መሰለው። ድምፁ ቀረበ።

"ማነው እዚያ? ቁም!"

ሳዶቅ ነው።

"ቅዘፍ" ብላ አንሾካሾከች። ቀዘፈ። ሁለት በርሜሎች ተጋጭተው ጓ አሉ።

"ቁም አልኩ! እተኩሳለሁ!"

መሂታብል ብድግ ስትል ጀልባዋ ተንገዳገደች። "ተኩሳ! አንተ ልጅ፣ ንፍጥህን የጠረግኩልህ እኔ ነኝ፤ ተኩስብኝ!"

ጭጋጉ ሳሳ ሲል የሳዶቅ ፊት ታያቸው፤ አመድ መስሏል። ከኋላው አለቃው "ምን ትጠብቃለህ? ተኩስ!" ብሎ ጮኸ።

ሳዶቅ ወደ ውሃው ዝቅ አድርጎ ተኮሰ። ጥይቱ ውሃው ላይ ነጥሮ የአሳሄልን ቀኝ ክንድ ሰባበረው።

የወታደሮቹ ጀልባ ሲጠጋ፣ ደሙን ለማቆም የገዛ ሸሚዙን ቀዶ ያሰረለት ሳዶቅ ነው። አሳሄል "አትንካኝ" ይል ነበር፣ ራሱን እስኪስት።

ፖታሹ ተወረሰ። ክንዱን ሐኪም ቆረጠው። ክስ ሲቀርብበት ለዳኝነት የተቀመጡት ጎረቤቶቹ ሊፈርዱበት አልፈቀዱም። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣኑን ሊያስረክብ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደግሞ ያ ሕግ ተሻረ። አሳሄል ወሬውን ሲነግሩት "እና አሁን ምን ላድርገው?" ብሎ ፊቱን አዞረ።

በዚያ በጋ ሳዶቅ ረጅም ማጭዱን ይዞ መጣ። ማንንም ሳያናግር የአሳሄልን ሣር ማጨድ ጀመረ። አሳሄል በመስኮት ያየዋል።

"ምሳውን ገብቶ ይብላ ወይስ እዚያው ላድርስለት?" አለች መሂታብል።

"እዚያው።"

በማግስቱም እዚያው በላ። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ግን አሳሄል ውሃ በግራ እጁ አንጠልጥሎ ወጣ። ማሰሮውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ፤ የታጨደውን መስመር በዓይኑ ተከትሎ ቆየ።

"ዝቅ አድርገህ እጨድ እንጂ፤ ግማሹን ትተኸዋል" አለ።

"እሺ" አለ ሳዶቅ፣ ጎንበስ ብሎ።