ከቅቤ እቁብ ያገኘሁት ዋስ

ይህ የገጠመኝ የዛሬ አራት ዓመት፣ ወልቂጤ ላይ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ሰዎች ስለ ብድርና ስለ ዋስ ባነሱ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አሁን እየሳቅኩ ነው የማወራው፤ ያን ጊዜ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በዱቤ ጉዳይ በራሴ የምኮራ ሰው ነበርኩ። ከሱቅ የወሰድኩትን ሳሙና እንኳ ቀኑን ሳላሳልፍ እከፍላለሁ። ጓደኞቼ በስልክ ተበድረው መመለሻው ሲደርስ ሲጨነቁ፣ "ስም አንዴ ከጠፋ ጠፋ" እያልኩ የምመክራቸው እኔ ነበርኩ። ምከሪን ያለኝ ግን አልነበረም።

ቤተሰቦቼ ያሉት ቸሃ ነው። እናቴ ከስምንት ጎረቤቶቿ ጋር የቅቤ እቁብ አላት። በየወሩ እያንዳንዷ አንድ ኪሎ ቅቤ ይዛ ተራው ወደ ደረሳት ሴት ቤት ትሄዳለች። እናቴ አንድም ወር አስቀርታ አታውቅም። በዚያ ዓመት ግን መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ታመመችና አታት ሆስፒታል ተኛች። ላማችንም ነጥፋ ነበር።

ከሕመሟ ይልቅ ያስጨነቃት የቅቤው ነገር ነው። "ተራው የብርቅነሽ ነው። አደራ፣ እንዳታሳፍሪኝ" አለችኝ።

ልጆች አስጠንቼ ባጠራቀምኩት ብር ከወልቂጤ ገበያ ቅቤ ገዛሁ። በኮባ የተጠቀለለ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ቅቤ ነው። ለእናቴ አጥሚት የሚሆን ጥቂት ቀነስኩና አንዱን ኪሎ ቅዳሜ ዕለት ለእትዬ ብርቅነሽ አስረከብኩ። እሳቸውም ከሌሎቹ ሴቶች ቅቤ ጋር በአንድ ትልቅ ድስት ጨመሩትና መረቁኝ። ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

በማግስቱ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ አስታማሚዎች በሚያበስሉበት ቦታ የቀነስኩትን ሳቀልጠው ግማሹ አልቀልጥ አለ። እንደ ገንፎ ተጓጉሎ ድስቱ ሥር ቀረ። ባሸተው ሙዝ ነው! ነጋዴዋ ሙዝ ቀላቅላ ሸጣልኛለች።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "ማን ያውቃል?" የሚል ነው። የሁሉም ቅቤ ተደባልቋል፤ የእኔው መሆኑን የሚለይ አይኖርም። ድስቱን አጠብኩና ዝም አልኩ። ሦስት ቀን ምግብ አልወርድልሽ አለኝ።

በአራተኛው ቀን እትዬ ብርቅነሽ እናቴን ሊጠይቁ መጡ። ከሰላምታ በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በጉራጊኛ ለእናቴ አወሩላት። "ቅቤው ተበላሸብኝ። ሳነጥረው ሙዝ ወጣበት። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ መሀል ታይቶም አይታወቅ። ያቺ ባለፈው ወር እቁቡን የገባችው ሙሽራ መሆን አለባት። እሑድ እናስወጣታለን።"

እናቴ፣ "ምን ዓይነት ዘመን መጣ!" ብላ አማተበች።

እጄ ላይ የነበረውን የአጥሚት ኩባያ አስቀመጥኩት። ብናገር የእናቴ ስም አብሮ ሊጠፋ ነው። ዝም ብል ደግሞ ያቺ ሙሽራ በማታውቀው ነገር ሌባ ተብላ ልትቀር ነው። "እትዬ፣ የእኔ ነው። ከገበያ የገዛሁት ነው" አልኩ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያ መዞሯ ከስድብ በላይ አመመኝ።

እትዬ ብርቅነሽ ትክ ብለው አዩኝ። "ስትገዢው ቀምሰሽዋል?"

"አልቀመስኩም።"

"በጣትሽስ አሽተሽ አይተሽዋል?"

"አላየሁም።"

"ታዲያ እዚያ ትምህርት ቤት ምን ያስተምሩሻል?" አሉና ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። "እሑድ መጥተሽ ይህንኑ በሁሉም ፊት ትናገሪያለሽ። የልጅቷ ስም እዚህ በሹክሹክታ አይነጻም።"

ሄጄ ተናገርኩ። ሙሽራዋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ገንዘብ እስካገኝ አንድ ወር ፈጀብኝና ምትኩን ገዛሁ። ገበያ ይዘውኝ የሄዱት ራሳቸው እትዬ ብርቅነሽ ናቸው። ከየነጋዴው እየቆነጠሩ በጣታቸው እያሹ፣ እያቀመሱ የቅቤ አገዛዝ አስተማሩኝ። ከዚያ በኋላ እናቴ እስክትድን ድረስ የእሷን ድርሻ በየወሩ የማደርስ እኔ ሆንኩ።

በመጨረሻው የትምህርት ዓመቴ ለመመረቂያ ጽሑፌ ላፕቶፕ አስፈለገኝ። አዲሱ ዙር ሲጀመር እናቴ የመጀመሪያውን ተራ ለእኔ እንዲሰጡኝ ጠየቀች። ቅቤውን ሸጬ ካጠራቀምኩት ጋር ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ፣ ድርሻውን ደግሞ በየወሩ ልከፍል ነው። ቀድሞ የሚወስድ ሰው ግን ዋስ ያስፈልገዋል፤ እናት ለልጇ ዋስ አትሆንም። ከሴቶቹ አንዷ፣ "ያንን ሙዝ ረሳችሁት እንዴ?" አለች። አንገቴን ደፋሁ።

እትዬ ብርቅነሽ ከተቀመጡበት ተነሡ። "አልረሳሁም። ቅቤዬን ያበላሸችብኝ እሷ ናት። ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብላ የነገረችኝም እሷው ናት። ዋሷ እኔ ነኝ" አሉ።

አንድም ወር ሳላስቀር ከፍዬ ጨረስኩ። ዛሬ ቡታጅራ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ባንክም ያምነኛል፣ ባለሱቁም ያምነኛል። ደስ ይላል። ነገር ግን ጥፋቴን እያወቁ ያመኑኝ እትዬ ብርቅነሽ ብቻ ናቸው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደረቴ ሞቅ ይላል።